በቡና አገር እህልን ከብልሽት ስለ መጠበቅ
ለሚዛን ተፈሪ፣ ለቴፒና ለደቡብ ምዕራብ አገር አስተዳዳሪዎች፣ የወረዳ ሹማምንትና የእርሻ ባለቤቶች የቀረበ ትምህርት

፩ኛ ክፍል፤ ስለ ነገሩ ምክንያት

ገበሬው መሬቱን አርሶ፣ ዘርቶ፣ አርሞና ሰብስቦ ወደ ቤቱ ያስገባው እህል የድካሙ መጨረሻ መስሎ ይታየዋል። ነገር ግን ጎተራ የገባው ሁሉ ማዕድ አይደርስም። ከፊሉን ነቀዝ ይበላዋል፤ ከፊሉን ሻጋታ ያበላሸዋል፤ ከፊሉን አይጥ ይወስደዋል፤ ከፊሉም ከተበሰለ በኋላ ይደፋል። በዚህ ዐይነት የጠፋው እህል መሬት ተይዞለታል፤ ዘር ወጥቶለታል፤ ጉልበት ፈስሶበታል፤ ሳይበላ መቅረቱ ብቻ ነው የጎደለው። ስለዚህ ከብልሽት የዳነ አንድ ኩንታል እህል፣ አዲስ ደን ሳይመነጠር የተመረተ አንድ ኩንታል ነው ቢባል ስሕተት የለበትም።

ዛሬ ይህን ጉዳይ ለሹማምንት ማሳሰብ ያስፈለገበት ምክንያት የኑሮው መወደድ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ አገር ገንዘብ ምንዛሪ በገበያ እንዲተመን ከተወሰነ ወዲህ የብር ዋጋ ከዶላር አንጻር ዝቅ ብሎአል፤ ከውጭ የሚገባው ዘይት፣ ነዳጅና ማዳበሪያም ለገዢው ከብዶታል። የቡና አገር ሰው ደግሞ ብዙውን እህሉን ከገበያ የሚሸምት ስለ ሆነ፣ የእህል ዋጋ በጨመረ ቁጥር ጉዳቱ ቶሎ ይሰማዋል። በ2004 ዓ.ም. በዚሁ አገር የዝንጅብል አጠውልግ በሽታ ተነሥቶ ብዙ ቤተ ሰብ ይተማመንበት የነበረውን የገንዘብ ምንጭ እንዳጠፋበት የሚያስታውስ ሁሉ፣ በአንድ ሰብል ገቢ ብቻ ተማምኖ ጎተራን መርሳት ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ ይረዳል።

እውነት ነው፤ ቡናም ተወድዶአል። በየካቲት 2017 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ገበያ የአንድ ፓውንድ አረቢካ ቡና ዋጋ ከ4 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ቡና ሲወደድ እህል ይናቃል። ገበሬው ልቡም ጉልበቱም ወደ ቡናው ያዘነብልና በቆሎው በማሳ ላይ ይረሳል። ከቡናው ያገኘውንም ብር፣ ራሱ አምርቶት የነበረውንና በቸልታ ያበላሸውን እህል መልሶ ለመግዛት ያወጣዋል። ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም በቡና አገር የሚባክነው ምግብ አብዛኛው የሚጠፋው ከማጀት ሳይሆን ከማሳ እስከ ጎተራ ባለው መንገድ ላይ በእርጥበት ምክንያት እንደ ሆነ፣ ይህንንም መከላከል ከሹማምንት አቅምና ሥልጣን በታች እንደ ሆነ ነው።

፪ኛ ክፍል፤ ስለ አገሩ ጠባይ

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መግለጫ፣ በ2022 በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ያህል ምግብ እንደ ባከነ፣ ከዚህም ከመቶ 60 እጅ ያህሉ ከየሰው ቤት እንደ ተጣለ አስታውቆአል። ይህ ቍጥር ግን የሚናገረው በሱቅ፣ በምግብ ቤትና በየቤቱ ስለሚጣለው ነው። ገበሬው ገና ሳያበስለው በማሳና በጎተራ የሚጠፋበት እህል በዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገባም። የሌላውን አገር ትምህርት እንዳለ ተቀብሎ ለቤንች ሸኮና ለሸካ ገበሬ «ትርፍራፊ አትጣል» ብሎ መስበክ ብቻ፣ ቀዳዳውን ትቶ ክዳኑን መጠገን ይሆናል።

የሚዛን ተፈሪና የቴፒ አገር ሞቃትና እርጥብ ነው። በቴፒ አካባቢ በዓመት ከ1500 ሚሊ ሜትር የማያንስ ዝናም ይወርዳል፤ ወደ ሚዛን ተፈሪ ከፍታ ሲወጣ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ይህ እርጥበት ለቡናው፣ ለኮረሪማው፣ ለቁንዶ በርበሬውና ለሙዙ በረከት ነው፤ ለደረቅ እህል ግን ጠላት ነው። በሸዋና በጎጃም ደጋ እህል በበጋ ፀሐይ ታጭዶ ሲከመር በራሱ ይደርቃል። እዚህ ግን በቆሎው የሚደርሰው ዝናሙ ገና ሳያቋርጥ ነው። ስለዚህ ከሰሜን የመጣ ሹም በአገሩ ያየውን የጎተራ ልማድ እዚህ ይበቃል ብሎ ቢያስብ ይሳሳታል።

ሁለተኛው ችግር የሥራው ወራት መደራረብ ነው። በቆላማው የቡና አገር ቀዩ ቡና መለቀም የሚጀምረው በቆሎው ከማሳ መነሣት በሚገባው ጊዜ አካባቢ ነው። የቤተ ሰቡ እጅ ሁሉ ወደ ቡናው ይሄዳል፤ የቀን ሠራተኛም በዚያው ወር ይወደዳል። በቆሎው ደርቆ ሳይሰበሰብ በቆመ ቁጥር ነቀዙ እዚያው በማሳ ላይ ሳለ ይገባበታል፤ ዝናሙም በሽፋኑ ውስጥ ሰርጎ ሻጋታ ያስነሣበታል። እህሉ ወደ ጎተራ ሲገባ ጠላቱን አብሮ ይዞ ይገባል ማለት ነው።

ሦስተኛው የማድረቂያ ስፍራ ጥበት ነው። በአጥር ግቢው ውስጥ ፀሐይ የሚያገኘው ጠፍጣፋ መሬትና ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራው አልጋ ሁሉ ለቡና ይሰጣል። በቆሎው በእርጥብ አፈር ላይ ይሰጣና ማታ ጤዛ ይመታዋል፤ ወይም ሳይደርቅ በጆንያ ታጭቆ በቤት ጥግ ይቀመጣል።

፫ኛ ክፍል፤ ጉዳቱ የሚለካበት መንገድ

ሹም ያልለካውን ነገር ሊያሻሽለው አይችልም። «ነቀዝ አስቸገረን» የሚል አቤቱታ ብቻ ለሥራ አይበቃም። ስለዚህ ማንኛውም የቀበሌ የእርሻ ሠራተኛ ያለ መሣሪያ ሊያደርገው የሚችል ቀላል የአለካክ ዘዴ እነሆ።

ከጎተራው ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ጥቂት ጥቂት የተፈለፈለ በቆሎ ወስዶ መቀላቀል፤ ከዚያም ሳይመርጡ 100 ፍሬ መቍጠርና ስንቱ በነቀዝ እንደ ተበሳ ማየት ነው። ለተፈለፈለ በቆሎ የተበሳውን ፍሬ ቍጥር ለስምንት ማካፈል ከክብደቱ ከመቶ ስንት እጅ እንደ ጠፋ በግምት ያሳያል። ለምሳሌ ከ100 ፍሬ 40ው ተበስቶ ቢገኝ፣ ከክብደቱ ከመቶ 5 እጅ ጠፍቶአል።

ይህ 5 እጅ ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገሩን በአንድ ቤት ምሳሌ እናስላው። 10 ኩንታል በቆሎ ያስቀመጠ ገበሬ ከመቶ 5 እጅ ቢጠፋበት ግማሽ ኩንታል፣ ማለት 50 ኪሎ አጥቶአል። ቤተ ሰቡ በቀን 2 ኪሎ የሚበላ ከሆነ የ25 ቀን ቀለብ ነው። ይህ 25 ቀን የሚጎድለው ጎተራው ሞልቶ ሳለ በኅዳር ሳይሆን፣ እህል ከገበያ በሚወደድበት በክረምቱ ወራት ነው። ነቀዝ የበላው ዱቄት ደግሞ መራራ ስለሚሆንና ስለሚበናኝ፣ የቤት እመቤቷ ስትነፋው ከዚህ የበለጠ ትጥላለች፤ ወደ ገበያ ቢወጣም ነጋዴ ዋጋውን ይሰብርበታል። ለዘር ያስቀመጠው ከሆነ ደግሞ ልቡ የተበላ ፍሬ አይበቅልም።

ሹማምንት ይህን ግማሽ ኩንታል በየአካባቢያቸው የገበያ ዋጋ ተምነው፣ በወረዳቸው ባለው የአባወራ ቍጥር ቢያባዙት፣ ከወረዳው በየዓመቱ ሳይበላና ሳይሸጥ የሚጠፋው ሀብት ምን ያህል እንደ ሆነ በዓይናቸው ያዩታል።

፬ኛ ክፍል፤ ስለ በቆሎ አደራረቅና አቀማመጥ

፩. አሰባሰብ። በቆሎው እንደ ደረሰ ሳይዘገይ መሰብሰብ አለበት። የፍሬው ግርጌ ከቆረቆንዳው በሚጣበቅበት ቦታ ላይ ጥቁር ነጥብ መታየቱ የመድረሱ ምልክት ነው። በማሳ ላይ የተሰበረ፣ ወፍ የነካውና የሻገተ ራስ ከጤነኛው ጋር መቀላቀል የለበትም፤ አንዱ ብልሹ ሌላውን ያበላሻል።

፪. አደራረቅ። በእርጥብ አፈር ላይ እህል ማስጣት ፈጽሞ መቅረት አለበት። ቡናው ገና ሳይበዛ አልጋው ባዶ በሆነባቸው ቀናት፣ አልጋውን አጽድቶ በቆሎውን ማስጣት ይቻላል። አልጋ የሌለው ሰው ሸራ ያንጥፍ። ዝናም ሲያንዣብብና ፀሐይ ሲጠልቅ መሸፈን የልጆች ሥራ ሊሆን ይችላል። የአገሩ ሰው የበቆሎ ራስ በምድጃ በላይ ባለ ቆጥ ላይ መስቀሉ ጥበብ ያለበት ልማድ ነው፤ ጢሱና ሙቀቱ ያደርቁታል፤ ነቀዙንም ያርቁታል። ይህን ልማድ የሚንቅ የእርሻ ሠራተኛ ከመናቁ በፊት ይመርምረው። ጉድለቱ ቆጡ የሚይዘው ጥቂት መሆኑ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ለዘርና ለመጀመሪያው ቀለብ ይዋል።

፫. የድርቀት ምርመራ። በቆሎ ለረጅም ጊዜ ሳይበላሽ እንዲቆይ በውስጡ ያለው ውሃ ከመቶ 13 እጅ ገደማ መሆን ይገባዋል። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ በማይገኝበት ቦታ ጨው ይበቃል። በፀሐይ በደንብ የደረቀ ጨው ሁለት ሦስት ማንኪያ በንጹሕና ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ይጨመራል፤ በላዩ ጠርሙሱ እስከ ሢሶው እስኪሞላ በቆሎ ይጨመርና ተከድኖ ለአንድ ደቂቃ ይናጣል፤ ከዚያ ሩብ ሰዓት ይቆያል። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ከመቶ 15 እጅ በላይ ውሃ አለውና ገና አልደረቀም። ካልተጣበቀ ለጎተራ ደርሶአል፤ አየር በማያስገባ ከረጢት ለማስቀመጥ ግን ሁለት ቀን ፀሐይ ቢጨመርለት ይሻላል።

፬. አቀማመጥ። የተለመደው የገበሬ ጎተራ ከመሬት ከፍ ያለ፣ እግሩ አይጥ እንዳይወጣበት በቆርቆሮ የተከለለ፣ ክዳኑ የማያፈስ መሆን አለበት። አዲሱ እህል ከመግባቱ በፊት ያለፈው ዓመት ቅሪት ተጠርጎ መውጣትና መቃጠል ይገባዋል፤ ነቀዙ የሚሸጋገረው በዚያ ቅሪት ነው።

ከዚህ የተሻለው አየር የማያስገባው ከረጢት ነው። ይህን ከረጢት የአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓመታት በካሜሩን ከገበሬዎች ጋር ሆነው ለጥራጥሬ ማስቀመጫ ሠርተውት፣ ዛሬ በብዙ የአፍሪካ አገሮች፣ በአገራችንም ጭምር ይሠራበታል። ሁለት ወፍራም የላስቲክ ከረጢቶች አንዱ በሌላው ውስጥ ሆነው ከውጭ በጆንያ ይሸፈናሉ። እህሉ ይሞላና አየሩ ተጨቍኖ ከወጣ በኋላ፣ የመጀመሪያው አፍ ተጠምዝዞና ታጥፎ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ ከዚያ ሁለተኛው፣ በመጨረሻም ጆንያው ይታሰራል። በውስጡ ያለ ነቀዝ የሚተነፍሰውን አየር ራሱ ይጨርስና መብላቱንም መራባቱንም ያቆማል፤ ኋላም ይሞታል። መድኃኒት አያስፈልገውም። ከረጢቱ ካልተበሳ በሚቀጥለው ዓመትም ያገለግላል።

ሦስት ነገር ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በመጀመሪያ ያልደረቀ እህል በዚህ ከረጢት ከገባ ይበሰብሳል፤ ከረጢቱ ነቀዝን ይገድላል እንጂ እህል አያደርቅም። ሁለተኛ ከረጢቱ በግድግዳ ላይ ሳይደገፍ በእንጨት ርብራብ ላይ መቀመጥ አለበት። ሦስተኛ በየቀኑ መክፈት ጥቅሙን ስለሚያጠፋው፣ ለወሩ ቀለብ የሚበቃው ተለይቶ በሌላ ዕቃ ይቀመጥ።

፭. ስለ መርዝ። አንዳንድ ሰው ነቀዝን ለመግደል ከገበያ የገዛውን የጋዝ ክኒን በሚተኛበት ቤት ባለው ጆንያ ውስጥ ይከታል። ከዚህ ክኒን የሚወጣው ጋዝ ቤተ ሰብ በእንቅልፍ ላይ ሳለ የሚገድል ነው። ይህን ክኒን ሰው በሚያድርበት ቤት መጠቀም እንዳይኖር፣ በመርካቶም በገጠር ገበያም ላልሠለጠነ ሰው በችርቻሮ እንዳይሸጥ መቈጣጠር የሹም ሥራ ነው።

፭ኛ ክፍል፤ ስለ እንሰት፣ ጎደሬና ፍራፍሬ

የደቡብ ምዕራብ አገር ሰው ከበቆሎ ሌላ ሁለት ታላላቅ ሀብቶች አሉት፤ እነርሱም በመሬት ላይ የቆሙ ጎተራዎች ናቸው።

እንሰት እስኪፈለግ ድረስ በጓሮ ቆሞ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ለክፉ ቀን ከእህል ይልቅ የታመነ ነው። ብክነቱ የሚመጣው ከተፋቀ በኋላ ነው። ቆጮ በጉድጓድ ውስጥ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ሲብላላ አየር እንዳያገኘው በደንብ መጠቅጠቅና በድንጋይ መጫን አለበት። ጉድጓዱ በተከፈተ ቁጥር የላይኛው ንብርብር ይበላሻል፤ ስለዚህ የሳምንቱን በአንድ ጊዜ ማውጣትና የቀረውን በአዲስ ቅጠል መልሶ መክደን ይሻላል። አንድ ሰፊ ጉድጓድ ከመቈፈር ሁለት ጠባብ ጉድጓድ መቈፈር ብዙ ቆጮ ያድናል።

ጎደሬም ውሃ በማይተኛበት መሬት ውስጥ ሳለ ይቆያል፤ ተቈፍሮ በቤት ከተከመረ ግን በእርጥበቱ ፈጥኖ ይበሰብሳል። ስለዚህ የሚበላውን ያህል ብቻ መቈፈር፣ በዶማ የቆሰለውን አስቀድሞ መብላት፣ የሚቀመጠውን ደግሞ ውሃ ሳያስነኩ አፈሩን ብቻ አራግፎ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ማስቀመጥ ይገባል። የተረፈ ጎደሬ ተልጦ፣ በስሱ ተቆርጦና በፀሐይ ደርቆ ቢፈጭ፣ ዱቄቱ ከበቆሎ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ ቂጣ ይሆናል። ጉሮሮ የሚያሳክክ ጠባይ ስላለው ግን በደንብ ሳይበስል መበላት የለበትም።

ሙዝ በዚህ አገር እስከ ሩቅ ከተማ ድረስ ይጫናል፤ በየገበያውም ብዙው ተጨማልቆ ይጣላል። ዘለላው በሙሉ በአንድ ቀን ሲበስል ቤተ ሰብ ሊጨርሰው አይችልም። ስለዚህ በየእጁ ለያይቶ ማስቀመጥና የበሰለውን ከጥሬው ማራቅ ይገባል፤ የበሰለ ፍሬ በአጠገቡ ያለውን ጥሬ ያፋጥነዋልና። ማንጎና አቮካዶ ሳይፈርጡ በዘንግና በከረጢት ይለቀሙ። ከዛፍ ሥር የወደቀው ለከብት ይሰጥ፤ ወይም ይቀበር፤ በዚያ ከተተወ የፍራፍሬ ዝንብ ይፈለፈልበትና የሚቀጥለውን ምርት ያጠፋዋል።

፮ኛ ክፍል፤ ስለ ማጀትና ስለ ግብዣ

በማጀት የሚባክነው ከጎተራው ያነሰ ቢሆንም ተበስሎና ማገዶ ወጥቶበት ስለሚደፋ ዋጋው ይከብዳል። እንጀራ ትኩሱን ተደራርቦ በመሶብ ሲከደን በራሱ እንፋሎት ይረጥብና በዚህ ሞቃት አገር ፈጥኖ ይሻግታል፤ እያንዳንዱ በሰፌድ ላይ በርዶ ይደራረብ። ሊሻግት የቀረበ ሳይሆን ገና ደኅና ሳለ የተረፈው ተቈራርሶ በፀሐይ ወይም በምድጃ አጠገብ ይድረቅና ድርቆሽ ይሁን፤ በመንገድና በችኮላ ቀን ፍርፍር ይሆናል። ወጥ ካደረ በኋላ ዳር ዳሩን ማሞቅ አይበቃም፤ እስኪፈላ መሞቅ አለበት።

ጾም በሚገባበት ቅበላ ብዙ ሥጋና ወተት በአንድ ጊዜ ይዘጋጅና የተረፈው ይደፋል። የተረፈ ሥጋ በዚያው ምሽት ተዘልዝሎ በምድጃ ጢስ ላይ ቋንጣ ይሁን፤ ወተቱም ተንጦ ቅቤውና ዐይቡ ይለይ። በሠርግና በተስካር ለስም ሲባል የሚደገሰው ከተጋባዡ በላይ እንዳይሆን የአገር ሽማግሎች ቢመክሩበት፣ ከሹም ትእዛዝ ይልቅ ይሰማል።

ብዙ የቀን ሠራተኛ የሚያበሉ የቡና እርሻ ባለቤቶችም በዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው። በቡና ለቀማ ወራት በሺህ ለሚቈጠር ሰው የሚበስል ምግብ፣ የሠራተኛው ቍጥር ጠዋት ሳይታወቅ በግምት ከተዘጋጀ በየቀኑ ይተርፋል ወይም ያንሳል። ጠዋት ሠራተኛውን ቈጥሮ፣ እህሉን በሚዛን ሰፍሮ ለወጥ ቤት መስጠትና የተረፈውን ማታ መዝግቦ መያዝ፣ ያለ ሌላ ወጪ ብዙ ኩንታል ያድናል። በቀድሞ ዘመን ባለርስት የራሱን ድርሻ በጎተራው ይጠብቅ ነበር። መሬት በ1967 ዓ.ም. ዐዋጅ የሕዝብ ሀብት ከሆነ ወዲህ ያ ሥርዐት ቀርቶአል፤ ሰፊ እርሻ የያዘ ሰው ግን በአጠገቡ ላለው አነስተኛ ገበሬ የማድረቂያ አልጋ፣ ሸራና ሚዛን በማዋስ ምሳሌ ሊሆን ይችላል። ጎረቤቱ በክረምት ያልተራበ ሠራተኛ በመከር ጊዜ ጤነኛ ሆኖ ይመጣለትና ጥቅሙ ለራሱም ነው።

፯ኛ ክፍል፤ ቍጠባ ወደ በሽታ እንዳይለወጥ

ምግብ አይባክን ሲባል የተበላሸ ይበላ ማለት አይደለም። በዚህ ነገር ሹማምንት ቃላቸውን አጥርተው መናገር አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100 ሺህ በላይ የቱርክ ዶሮዎች ባልታወቀ በሽታ ሞቱ፤ ሲመረመር በመኖአቸው ውስጥ ከሻጋታ የሚወጣ መርዝ ተገኘ፤ ስሙም አፍላቶክሲን ተባለ። በጎረቤታችን በኬንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 በምሥራቁ ክፍል ሳይደርቅ የተቀመጠ የራሳቸውን በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። ያ በቆሎ ከባዕድ አገር የመጣ አልነበረም፤ በገዛ ጎተራቸው ያደረ ነበር።

ይህ መርዝ ቢቀቅሉትም ቢጋግሩትም አይጠፋም። ለላም ቢሰጥ ወደ ወተቱ ያልፋል፤ ለዶሮም መኖ አይሆንም። ስለዚህ የሻገተ በቆሎ ከተገኘ እየለቀሙ ማስወገድ፣ ብዙው የሻገተ ከሆነ ግን መቅበር ይገባል። «እንዳይባክን» ብሎ የሻገተውን ለጠላ ማዋል ልማድ ባለበት ስፍራ ይህ ልማድ እንዲቀር ማስተማር ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ማጣት የማይቀርበት መንገድ አንድ ነው፤ እርሱም አስቀድሞ ማድረቅ ነው።

፰ኛ ክፍል፤ የሹማምንት ሥራ በየወራቱ

በእንግሊዝ አገር በጦርነቱ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1940 ምግብ ማባከን በሕግ የሚያስቀጣ ጥፋት ሆኖ ነበር። ያ ምግብ በመርከብ ከባሕር ማዶ ለሚያስመጣ አገር በጭንቅ ቀን የወጣ ሕግ ነው። የእኛ ገበሬ ግን እህሉን የሚያጠፋው ወድዶ ሳይሆን ጊዜ፣ ስፍራና ዕቃ አጥቶ ስለ ሆነ፣ መቀጫ ቢጣልበት የተበላሸውን ይደብቃል እንጂ አያድነውም። ስለዚህ ሹም የሚያስፈልገው ሥራ እንዲህ ነው።

በሐምሌ። የየቀበሌው ሰው አሮጌውን ጎተራ እንዲጠርግና እንዲጠግን ማሳሰብ፤ በወረዳው ስንት ከረጢትና ስንት ሸራ እንደሚያስፈልግ መቍጠር።

በነሐሴ። ከረጢቱና ሸራው ከመከር በፊት በኅብረት ሥራ ማኅበራትና በነጋዴዎች በኩል በየገበያው እንዲደርስ ማድረግ። መከር ካለፈ በኋላ የደረሰ ከረጢት ለሚቀጥለው ዓመት ነቀዝ መኝታ ይሆናል።

በመስከረምና በጥቅምት። በቆሎው ቡናው ሳይበዛ ከማሳ እንዲነሣ በደቦ ማስተባበር። አንድ መንደር በተራ ቢሰበስብ፣ ለእያንዳንዱ ቤት ብቻውን ሳምንት የሚፈጀው ሥራ በአንድ ቀን ያልቃል።

በታኅሣሥና በየካቲት። ከላይ የተጻፈውን የ100 ፍሬ ቆጠራ በየቀበሌው በተወሰኑ ቤቶች ማድረግና ውጤቱን መመዝገብ። የወፍጮ ቤት ባለቤት ነቀዝ የበላውን እህል ከሁሉ በፊት የሚያይ ሰው ነውና ከእርሱም መጠየቅ።

በግንቦት። በመከር ጊዜ በሕዝብ ፊት የተሞላና የታሰረ አንድ ከረጢት በገበያ ቀን በሕዝብ ፊት ይከፈት። አጠገቡም በተራ ጆንያ የተቀመጠ የዚያው ማሳ በቆሎ ይቅረብ። ገበሬው ሁለቱን በእጁ ዘግኖ ሲያይ ከአሥር ስብሰባ የበለጠ ይማራል።

በዚህ ሁሉ ትምህርቱ ለቤቱ እመቤት መድረስ አለበት። የጎተራው ቍልፍ በእርሷ እጅ ነው፤ የሚሰፈረውን፣ የሚነፋውንና የሚደፋውን የምታውቅ እርሷ ናት። ባልን ብቻ ሰብስቦ ስለ ጎተራ ማስተማር ደብዳቤን አድራሻው ላልሆነ ሰው መስጠት ነው። ትምህርቱም በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በየአገሩ ቋንቋ፣ በቤንችኛ፣ በሸኮኛ፣ በሸክኛና በካፍኛ ይሰጥ።

ስለ ጥናቱ ረገድም በአካባቢው ሊጠየቁ የሚችሉ ሊቃውንት አሉ። በቴፒ የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከል፣ እንዲሁም የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ አገር ይገኛሉ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልልም መሥሪያ ቤቶቹን ለሕዝቡ አቅርቦአል። ሹም የ100 ፍሬውን ቆጠራ መዝግቦ ይዞ ወደ እነዚህ ቢሄድ፣ ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል፤ እነርሱም ምን እንደሚመልሱ ያውቃሉ።

መደምደሚያ

ዮሴፍ በግብፅ ምድር በጥጋቡ ሰባት ዓመት እህሉን ያከማቸው ራቡ ከመምጣቱ በፊት ነበር፤ ራቡ ከገባ በኋላ ቢሆን ጎተራው ምን ያስቀምጥ ነበር? ለቡና አገር ሰው የጥጋቡ ወራት ቡና ተሽጦ ብር በእጅ ያለበት፣ በቆሎም በጎተራ የሞላበት ወቅት ነው። በዚያ ጊዜ ስለ ነቀዝ የሚናገር ሹም አሰልቺ መስሎ ይታያል። በሐምሌ ግን እናት ጎተራዋን ከፍታ የምታገኘው በኅዳር የተሠራውን ወይም ያልተሠራውን ነው።

እናንተም የዚህ አገር አስተዳዳሪዎች፣ ለመንገድ፣ ለቡናና ለግብር የምታደርጉትን ትጋት ለአንድ ዓመት ለጎተራው ብታደርጉለት፣ አንድ ጋሻ አዲስ መሬት ሳይመነጠር የሕዝባችሁን ቀለብ ታበዛላችሁ። መጀመሪያውም ከባድ አይደለም፤ በዚህ ሳምንት በቅርብ ወዳለው ቀበሌ ወርዶ፣ ከአንድ ጎተራ 100 ፍሬ በቆሎ ቈጥሮ ስንቱ እንደ ተበሳ ማየት ነው።